በአንቺ ስም የፈረምኩት

ቴፒ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለማናልሞሽ

ጌታ በሰው ቤት ሥራ እጅሽን ያጽና። የአሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ፤ ገብተሽ የምትወጪበት በር ሁሉ የሰላም ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ዓምና አንዲት መስመር የሚጽፍልኝ ሰው ስለምን ነበር። አሁን በስድሳ አንድ ዓመቴ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። አስተማሪያችን ዮሃና የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። ስሳሳት “እማማ፣ ቀስ ይበሉ” ትለኛለች። በአሥራ አራት ዓመቴ ተድሬ አርባ ሰባት ዓመት ቀስ ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ቀስ ማለት ከየት ላምጣ?

የጻፍኩትን በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሜሪ ናት። ያንቺንም ወረቀት ላይ አውጥታ ትሰጠኛለች። ፎቶ ስታነሳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ ስለዚህ ሁሉን አልጽፍም።

እርዱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ቀቅዬ አስጥቼዋለሁ። ልጅሽ ሩሐማ ደህና ናት። ቁመቷ እኔን አልፏል። ስልኳ እንቢ የሚልሽ በኔትወርኩ ነው።

ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

አክስትሽ አጸደ


ኩዌት፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ አጸደ

ሰላምዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎን ጌታ ያበርታልዎ። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ሳውቅ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። አንዷ “እኔ እንኳ እንዲህ አልጽፍም” አለች። ኮራሁብዎ።

እንደሚያውቁት አሠሪዬ ስልኬን የምትሰጠኝ ዓርብ ብቻ ነው። አራት ዓርብ ሩሐማ ጋ ደወልኩ። ሦስቱን አልተነሣም። በአራተኛው አንድ ወንድ አነሣና “ሥራ ላይ ናት” ብሎ ዘጋው። ምን ሥራ? ማነው እሱ? ምናልባት ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል።

የአሥረኛ ክፍል የመንፈቅ ዓመት ካርዷን ፎቶ ይላኩልኝ። ካርዱን ለወላጅ ካልሆነ አንሰጥም ካሉ ስሄድ የሰጠሁዎትን ውክልና ያሳዩአቸው። ለትምህርቷም ለሕክምናዋም፣ እሷን ለሚመለከት ለማንኛውም ጉዳይ በእኔ ቦታ ሆነው እንዲፈርሙ ነው ያሠራሁት።

ካርዱን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ማናልሞሽ


ኩዌት፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ አጸደ

ካርድ አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣም።

ከወር በፊት ማራናታ የምትባል የጌጫ ልጅ እዚህ ሥራ ገባች። ባለፈው ዓርብ ተሰብስበን ስናወራ “ከመምጣቴ በፊት ቴፒ ሠርግ ላይ ጨፍሬ ነው የመጣሁት፣ ሙሽራዋ ልጅ ብትሆንም እንዴት ታምር ነበር!” ብላ ስልኳን አዞረችልን። ቬሎ የለበሰችው ልጄ ናት። ሰዎቹ “ታምራለች” ሲሉ እኔም “ታምራለች” አልኩ። እናቷ ነኝ ማለት አፈርኩ። የልጇን ሠርግ ከማታውቀው ሰው ስልክ ላይ የምታይ እናት ምን ዓይነት ናት?

አንቺ የት ነበርሽ እንዳልል ፎቶው ላይ አለሽ። ከኋላዋ ቆመሽ እጅሽን ትከሻዋ ላይ አድርገሻል።

ስትዳር አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ ናት። ማን ፈቀደልሽ?

ማናልሞሽ


ቴፒ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማናልሞሽ

ያለሽበት ሰላም ይሁን። ምርቃቴን ትቀበይ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሳልመርቅ መጻፍ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ሜሪ አላየችውም። አሽጌ፣ ወደ እናንተ ለምትሄድ የሚዛን አማን ልጅ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ ቢዘገይም ሁሉ አለበት።

አንቺ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አልተቆጣሁም።

ሰውየው ባየ ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው። አይጠጣም፣ አይማታም። ሽማግሌ የላከው ሩሐማን ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጋር አዩአት ተብሎ ሰፈሩ ማውራት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ፈራሁ። አንቺ ሄድሽ፣ እኔ ቀረሁ፤ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው ማን ነው? “ዕድሜዋ አልሞላም” ስላቸው አንዱ ሽማግሌ “ለሱ መንገድ አለው” አለኝ። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል፤ ግን ከባድ ምክንያት ካለ ከፍትሕ መሥሪያ ቤት ሲፈቀድ እስከ ሁለት ዓመት ይቀነሳል። እኔ በተዳርኩ ጊዜ ማንም ወረቀት አልጠየቀም። ወረቀት ካለው ንጹሕ መሰለኝ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ውክልናሽን አሳየሁ። ጸሐፊው አነበበና “እንግዲያው አመልካቿ እናትየዋ ናት፤ እርስዎ ስለ እሷ ይፈርማሉ” አለ። የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። “እኔ እጽፋለሁ” አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ቀና አሉ። ጣቴ ከእርዱ የተነሳ ቢጫ ነበር፤ ወረቀቱን እንዳላቆሽሽ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። በዕድሜዬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜን ስጽፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ስሜ እንዳይጣመም ስጠነቀቅ ምን ላይ እንደምጽፈው ረሳሁ።

አይደለም። አልረሳሁም። መርሳት ፈለግሁ።

ሩሐማ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። “አንቺስ ትስማሚያለሽ?” ሲላት እኔን አየችኝ። እኔ ፊርማዬን እያየሁ ነበር። ዝም አለች፤ ተስማምታለች ተብሎ ተጻፈ።

ሕጉ ፈቅዷል። ይህን ለራሴ በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ብታውቂ። የሰረቅኩት ነገር ቢሆን እመልሰው ነበር። ሕግ የፈቀደልኝን ነገር ወዴት እንደምመልሰው አላውቅም።

አጸደ


ኩዌት፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አጸደ

ጤና ይስጥልኝ።

በነጻ የሚቆም አማኑኤል የሚባል ጠበቃ አገኘሁ። በኤምባሲ በኩል ለእሱ ውክልና ልኬያለሁ። ፋይሉን አይቶ የጻፈልኝን እንዳለ ልንገርዎ።

ፈቃዱ ላይ “አመልካች፦ ማናልሞሽ ከፈለኝ፣ በወኪሏ በወይዘሮ አጸደ በኩል” ይላል። ልጄን የዳርኳት እኔ ነኝ። እዚህ የሰው ምንጣፍ ስጠርግ፣ እዚያ ልጄን ስድር ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከእኔ ጋር ለሚሠሩት ምንም አላወራሁም፤ የማፍረው በእርስዎ ብቻ አይደለም።

አማኑኤል የቤተሰብ ሕጉን አገላብጦ የሚይዘው ነገር አጣ። ውክልናው ትክክል፣ ፈቃዱ ትክክል፣ ምስክሮቹ ሙሉ። ነገር ግን የአፍሪካ አገሮች ስለ ልጆች መብት የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። እሱ ትንሹ የጋብቻ ዕድሜ አሥራ ስምንት ነው ይላል። የሚቀነስ ዓመት አያውቅም። የአገራችን ሕግ ይቀንሳል፣ ስምምነቱ አይቀንስም። “የትኛው ይበልጣል?” ስለው “ዳኞችም አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም፤ ሄደን እንጠይቅ” አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስፈራኝ። ሩሐማ አሥራ ስምንት ከሞላት በኋላ በዕድሜዋ ምክንያት ጋብቻው ይፍረስ ማለት አይቻልም። የሚሞላት መጋቢት 3 ቀን 2018 ነው። ከዚያ በፊት ካልተፈረደ ክሱ ይወድቃል።

እሷን ጠይቋታል። “ከዚህ ቤት ልውጣ፣ አሥረኛን ልጨርስ” ብላ ጽፋ ሰጥታዋለች።

ማናልሞሽ


ቴፒ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማናልሞሽ

ጌታ ከሐሳብ ያሳርፍሽ። ክሱ ትናንት ተሰማ፤ ውድቅ ሆነ። ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር እንደሰማሁት እጽፍልሻለሁ። አማኑኤል ይግባኝ ይላል፤ ግን ፍርድ ቤቶቹ ለክረምቱ ሊዘጉ ነው።

አማኑኤል ቀጭን ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን ወፍራም። ስምምነቱን ሲጠቅስ ዳኛው “ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የት ወጥቷል?” አሉት። ወረቀት አቀበላቸው። አገላብጠው አዩት።

“ይሄ ‘ስምምነቱ ጸድቋል’ ይላል። ምን እንደጸደቀ ግን የለበትም። ስምምነቱ ራሱ የታለ?”

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ አዋጁ ማጽደቂያው ብቻ ነው። የስምምነቱን ቃል በእንግሊዝኛ አያይዣለሁ።”

“እኔ የምፈርደው በእንግሊዝኛ ነው?”

ሰው ሳቀ። አማኑኤል አልሳቀም። “ሕገ መንግሥቱ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ታተመ አልታተመ አይልም” አለ።

የባየ ጠበቃ ተነሥቶ፣ ስምምነቱ አገሪቱን ሕግ አውጪ ይላል እንጂ ዳኛን ጋብቻ አፍርስ አይልም አለ። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ቁልጭ ብሎ የተጻፈ ነው አለ። ዳኛው በዚህ ተስማሙ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲያነቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ ሩሐማንም አላዩአትም።

ስንወጣ ባየ ደረጃው ላይ ጠበቀኝና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። “እማማ፣ ጠበቃዬ ፊርማዎን አሳየኝ። እንዴት ያምራል!” አለ። በደግነት ይሁን በሽሙጥ አላወቅሁም።

አማኑኤል የነጋሪቱን ቅጂ ሰጥቶኝ ነበርና ቤት ወስጄ አነበብኩት። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። እውነታቸውን ነው። የሦስት አንቀጽ ወረቀት ነው፤ ደብዳቤ መጥቷል ይላል እንጂ ደብዳቤው ውስጡ የለም። ፊደል ቆጥሬ ለዚህ ደረስኩ። የሚጎዳው ወረቀት ሙሉ ሆኖ ተጽፏል፣ የሚያድነው ባዶ ፖስታ ነው።

ግን አንቺን ላታልልሽ አልፈልግም። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ እኔ ስፈርም ልጅቷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ያንን ለማየት ነጋሪት አያስፈልግም ነበር።

አጸደ


ኩዌት፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አጸደ

ሰላምዎን እመኛለሁ፤ ከልቤ ነው።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ። ማሻ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ያዩታል፤ ቀጠሮው ታኅሣሥ 8 ነው። ዳኞቹ የስምምነቱን ጥያቄ ሊመልሱት ፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ልጅቷ በእውነት ተስማምታ እንደሆነ፣ እኔም አውቄ እንደሆነ መስማት ይፈልጋሉ። ያንን የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። መጥሪያ ይደርስዎታል።

በፈረሙት አልወቅስዎትም፤ ለዛሬ ትቼዋለሁ። ሄደው ለእኔ የጻፉልኝን በአፍዎ ይበሉት፤ ያንኑ። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ከመጋቢት 3 በፊት ሌላ የምናገኝ አይመስለኝም።

ፀሐይ ሳይወጣ መኪና አለ አሉ። እለምንዎታለሁ።

ማናልሞሽ


ቴፒ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማናልሞሽ

ጌታ ያጽናናሽ።

ቀጠሮው ለመጋቢት 10 ተላለፈ። ምስክሯ ታማለች ተብሎ ነው። ዳኞቹ ሌላ ቀን እንደሌላቸው ተናግረዋል አሉ።

ጌጫ ላይ ብርዱ ከባድ ነበር። አሁን ይሻለኛል።

አጸደ


ኩዌት፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወይዘሮ አጸደ

ከመጋቢት 3 እስከ መጋቢት 10 ሰባት ቀን ነው።

ቴፒ የታመመ ሰው የማሻ መንገድ ላይ፣ ጌጫ ምን ይሠራል?

ማናልሞሽ


ቴፒ፣ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለማናልሞሽ

ባለሽበት ጌታ ይጠብቅሽ። መልስ እስክጽፍልሽ ሁለት ወር አልፏል። መጀመሪያ ሄጄ ልቁም፣ ከዚያ ልጻፍላት ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 8 አልታመምኩም ነበር። ሌሊት ተነሥቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ መኪና ተሳፈርኩ። የምለውን በልቤ እያጠናሁ ነበር፤ ከየትም ብጀምረው “ፈረምኩ” ከሚለው በፊት የሚመጣ ቃል አጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት “እማማ፣ ወዴት ነው?” አለችኝ።

“ማሻ፣ ፍርድ ቤት።”

“ውይ! ማን ከሰሰዎት?”

“ማንም። ምስክር ነኝ።”

“የማን ምስክር?”

የከሳሿ እንዳልል የሚከሰሰው የእኔው እጅ ነው። የተከሳሹ አይደለሁም። ጌጫ ስንደርስ ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ቆመ። ወረድኩ። ጡሩንባ ሲነፋ ገበያው ዳር ተቀምጬ ሰማሁት፤ አልተነሣሁም። ጉሙ ወርዶ ሰው ሰውን አያይም ነበር። ደስ አለኝ። ወደ ቴፒ የሚመለስ መኪና እስኪመጣ እዚያው ቆየሁ።

መጋቢት 10 ግን ደረስኩ። ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። ልጅቷ ዝም እንዳለች፣ አንቺ እንዳላወቅሽ፣ እኔ ፊርማዬን እያየሁ እንደነበር። ሰብሳቢዋ ዳኛ ሴት ናቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ “ይህን ታኅሣሥ ላይ ብንሰማው ኖሮ” አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት መነጽራቸውን አወለቁ።

ቀጥለው እንዲህ አሉ። የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል መሆኑን፣ ቃሉ ነጋሪት ላይ አለመታተሙም ዳኛን ዓይኑን እንደማያስጨፍነው እነሱ ተነጋግረዋል። ፈቃዱ ከስምምነቱ ጋር ሲጋጭ የትኛው ይጸናል የሚለውን ሊመልሱ ተዘጋጅተው ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ባለፈው ሳምንት አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ ከእንግዲህ በዕድሜ ምክንያት የሚፈርስ ጋብቻ የለም። ያልተጠየቁትን ደግሞ አይመልሱም።

አማኑኤል ተነሣ። “ክብርት ዳኛ፣ ልጅ ሆና ነው እኮ የተዳረችው! ዓመቱ ስላለፈ አልተደረገም ማለት ነው?”

“ሰምተንሃል። ተቀመጥ።” ከዚያ ሩሐማን አስነሥተው “ከዛሬ ጀምሮ ፍቺ ራስሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም” አሏት።

“ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው?”

“አዎ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሰባት ቀን ወዲህ።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩት። ባየ ራሱን ደፍቶ ነበር። መዝገቡ ተዘጋ።

በዚያው ቀን የፍቺ ማመልከቻዋን ራሷ ጻፈች። ከእሱ ቤት ወጥታ ሚዛን አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋ ነው ያለችው። አሥረኛን እንደገና ጀምራለች። እኔ ቤት አልመጣችም፤ ነይም አላልኳት።

ከመለያየታችን በፊት ግን ግቢው ውስጥ ተከትያት ሄድኩ። አንቺ በደብዳቤ የጠየቅሽኝን ለእሷ በአፌ ልመልስ ብዬ ነው። “ሩሐማ፣ ታኅሣሥ ላይ አልታመምኩም ነበር” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች።

“ማን ነገረሽ?”

“ካንቺ ኋላ በመጣው መኪና ነበርኩ። ጌጫ ስናልፍ ጉሙ ገለጥ አለና አየሁሽ። ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጎትተሽ ነበር።”

ሌላ የምትጨምር አልመሰለኝም። እሷ ግን ወረቀቶቿን እያስተካከለች ቀጠለች።

“ዳኛዋ ሦስት ጊዜ ስምሽን አስጠሩ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ታማለች ያልኩት እኔ ነኝ።”

ማናልሞሽ፣ ጌጫ ገበያ ተቀምጣለች ብትል ኖሮ ፖሊስ በዚያው ቀን ያቀርበኝ ነበር። አማኑኤልን ጠይቄዋለሁ፤ በሳምንቱ ይፈረድላት ነበር አለኝ። ሦስቱን ወር የጨመርኩባት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ስለ እኔ ብላ ዋሽታ ከፈለችው።

“ለምን እንዲህ አልሽ?” አልኳት።

ስትቆጣ የማውቀው ፊቷ አልነበረም።

“አፈርኩልሽ” አለችኝ፤ ጥላኝ ወደ ጠበቃው ሄደች።

የፍቺው ጉዳይ ለግንቦት ተቀጥሯል። አብሬሽ ልምጣ አላልኳትም።

አክስትሽ አጸደ